ድመቷ፣ ሲንተሳይዘሩና የጽዳት ጨርቄ



በሰው ቤት ስንሠራ የምንኖረው ከሰው ጋር ብቻ አይደለም። ከቤቱ ዕቃና ከቤቱ እንስሳም ጋር ነው። የሕፃኑን ጠባይ እንደምናጠና የድመቷንም ጠባይ እናጠናለን። የማዳምን ፊት እንደምናነብ የትኛው ዕቃ በምን እንደሚጸዳም ማወቅ ይኖርብናል። ዛሬ የማካፍላችሁ ድመትና የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያ በአንድ ክፍል ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ነው። ሲሰሙት የሚያስቅ ነገር ይመስላል። እኔን ግን የአንድ ወር ደመወዜን ሊያስከፍለኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. በብርዱ ወቅት ነው። የምሠራበት ቤት ቤይሩት ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። የማዳም ትልቁ ልጅ ሙዚቀኛ ነው። አንድ ክፍል ሙሉ የእሱ ዕቃ ነበር፤ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ። እኔ ከአገሬ የማውቀው በሠርግ ቤት የሚጫወቱበትን ኪቦርድ ነው። እነዚህ ግን ሌላ ናቸው። ፊታቸው ላይ እንደ ድሮ ሬዲዮ ብዙ ክብ መዞሪያ ተደርድሮባቸዋል። ከአንዱ ወደ ሌላው የተዘረጋው ገመድም ሐረግ የወረሰው አጥር ያስመስላቸዋል።

ሚሽሚሽ የምትባል ድመትም ነበረች። ሚሽሚሽ በዐረብኛ የአንዲት ቢጫማ ፍሬ ስም ነው፤ የድመቷም ፀጉር እንደ ፍሬዋ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ለጽዳት ስገባ ሚሽሚሽ ከትልቁ አሮጌ መሣሪያ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። መሣሪያው ሳይጠፋ አድሮ ኖሮ ሞቅ ብሏል። አባረርኳትና ሳይ ቁልፉም መዞሪያውም ፀጉር በፀጉር ሆኗል። ማዳም ደግሞ ትእዛዛቸው አንድ ነበር፤ «አቧራ እንዳላይ!» ስለዚህ ጨርቄን ይዤ እያንዳንዱን መዞሪያ እያሽከረከርኩ ወለወልኩት። ስጨርስ ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ አዙሬ እንደ ወታደር አሰለፍኳቸው። አምረውልኝ ትንሽ ቆሜ አየኋቸው።

ማታ ልጁ ገባና ጮኸ። «የሦስት ቀን ሥራዬ! ማን ነካው?» ማዳም ወደ እኔ ዞሩ። «ተበላሽቶ ከሆነ ማሠሪያው ከደመወዝሽ ነው» አሉ። ያ ደመወዝ ለእናቴ ሊላክ የተቆጠረ ነበር። በድንጋጤ ከአፌ የወጣው ቃል «ድመቷ ናት!» የሚል ነው።

ልጁ ወደ መሣሪያው ተመልሶ ትንሽ ዝም አለ። ድመት መዞሪያዎችን ሁሉ በአንድ አቅጣጫ አታሰልፍም። እሱም አወቀ፤ እኔም እንዳወቀ አወቅሁ።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግሥቱ ቡና ይዤለት ገብቼ እውነቱን ነገርኩት። «እኔ ነኝ። ለማጽዳት ብዬ ነው። ይህ ጥፋት መሆኑን አላወቅሁም» አልኩት። ጥቂት ካሰበ በኋላ «እኔም አልነገርኩሽም» አለና መሣሪያውን ከፍቶ ያሳየኝ ጀመር። ከደመወዜም ምንም አልተቆረጠም። ያን ቀን የተማርኩትንና ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ነው ለእናንተ የምጽፈው።

ድምፁ የሚቀመጠው የት ነው?

ሲንተሳይዘር ድምፅን ከኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ክራር ጅማት አለው፤ ዋሽንት ትንፋሽ ይፈልጋል፤ ሲንተሳይዘር ግን የኤሌክትሪክ ምልክት ይፈጥርና በድምፅ ማጉያ በኩል ያሰማናል። አሜሪካዊው ሮበርት ሙግ በ1964 የመጀመሪያ መሣሪያውን ሠራ። ያኔ የሚሠሩት እንደ ቁም ሣጥን የገዘፉና በገመድ የሚገናኙ ነበሩ። በ1970 ሚኒሙግ የተባለው በእጅ የሚያዝ ዓይነት ወጣ። 44 ቁልፎች አሉት፤ በአንድ ጊዜ የሚያሰማው ግን አንድ ኖታ ብቻ ነው።

ለእኛ ዋናው ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። ሚኒሙግና መሰሎቹ የማስታወስ ችሎታ የላቸውም። ሙዚቀኛው አንዱን መዞሪያ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ሌላውን ትንሽ ወደ ግራ እያለ የሚፈልገውን ድምፅ ያገኛል። ያ ድምፅ ሌላ የተጻፈበት ቦታ የለም። መዞሪያዎቹ ያሉበት ቦታ ራሱ ድምፁ ነው። አንዱን ስናዞር ድምፁ ይለወጣል፤ ሁሉንም ስናዞር ይጠፋል። ስለዚህ የዚያ ዘመን ሙዚቀኞች የመሣሪያው ሥዕል በታተመበት ወረቀት ላይ የእያንዳንዱን መዞሪያ አቅጣጫ በእርሳስ ምልክት እያደረጉ ያስቀምጡ ነበር።

በ1978 ፕሮፌት 5 የተባለው መሣሪያ ድምፆችን በውስጡ እያስቀመጠ ቁልፍ ሲጫን መልሶ ማውጣት የሚችል ሆኖ ቀረበ። በ1983 የወጣው የያማሃ ዲኤክስ 7 ደግሞ 32 ድምፆችን በውስጡ ይይዝ ነበር። መዞሪያ በመደርደር ፈንታ ፊቱ ላይ ያሉት ጠፍጣፋ መጫኛዎች ናቸው። እንዲህ ያለውን ስንወለውል የተቀመጠው ድምፅ እንዲሁ አይጠፋም።

ነገር ግን አሮጌ መሣሪያ ብቻ ነው ጣጣ ያለው ብላችሁ እንዳትዘናጉ። የአሮጌዎቹን ድምፅ የሚወዱ ብዙ ስለሆኑ ዛሬም እንደ ቀድሞው ያለ ማስታወሻ የሚሠሩ አሉ። ሚኒሙግ ራሱ በ2016 እንደገና ተሠርቶ ለገበያ ቀርቧል። መዞሪያ የበዛበት ወይም ገመድ ከፊቱ የተሰካበት መሣሪያ ካያችሁ፣ አዲስም ይሁን አሮጌ፣ ሳትጠይቁ አትንኩት።

ድመቷ ለምን ከዚያ ላይ ትተኛለች?

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይላሉ አባቶቻችን። የድመት ዓመሏ ሙቀት መፈለግ ነው። በአገራችን ቤት ድመት ምድጃ ዳር ተጋድማ ያላየ የለም። የጤነኛ ድመት የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከእኛ ይበልጣል። ሰውነቷን ለማሞቅም ለማቀዝቀዝም ሳትደክም የምትኖረው አካባቢው ከ30 እስከ 38 ዲግሪ ሲሆን ነው። ለእኛ የሚመቸን ክፍል ለእሷ ቀዝቃዛ ነው ማለት ነው።

ኤሌክትሪክ የሚሠራበት ዕቃ ሁሉ ሙቀት ይሰጣል። አሮጌዎቹ ሲንተሳይዘሮች ደግሞ ሲቀዘቅዙና ሲሞቁ የድምፃቸው ልክ ከፍ ዝቅ ስለሚል ሙዚቀኞች ከመጫወታቸው በፊት አብርተው እስኪሞቁ ይጠብቃሉ። አንዳንዱም ሳያጠፋው ይሄዳል። ከላይ ጠፍጣፋ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ሞቃት፣ የባለቤቱም ሽታ ያለበት ቦታ ነው። ድመት ከዚህ የተሻለ መኝታ ከየት ታገኛለች? ስለዚህ ሚሽሚሽ ለማበላሸት ሳይሆን ለመሞቅ ነበር የምትወጣው። ይህን ካወቅን መቆጣቱን ትተን መፍትሔውን እንፈልጋለን።

ጉዳቱ ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ፀጉር ነው። በብዙ ኪቦርዶች ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ትንሽ ጎማ አለች። ቁልፉ ሲጫን ጎማዋ ወርዳ ትነካና ድምፅ ይወጣል። ፀጉርና አቧራ በመካከል ከገባ ቁልፉ ዝም ይላል፤ አንዳንዴም ቀስ ብለው ቢነኩት እንኳ ይጮሃል። ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱ ማስተካከያዎች ያሉበት መሣሪያም ቀዳዳው ክፍት ስለሆነ ፀጉሩ በቀጥታ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ማስተካከያው በተነካ ቁጥር ድምፅ ማጉያው መንጫጫት ይጀምራል።

ሁለተኛው ገመድ ነው። ድመት፣ በተለይ ግልገሏ፣ የሚወዛወዝ ነገር ካየች መጫወቻዋ ነው። የተንጠለጠለውን ትጎትታለች፤ ያገኘችውን ታኝካለች። ሙዚቀኛው የሰካው ገመድ ከተነቀለ ድምፁ ይጠፋል፤ የኤሌክትሪክ ገመድ ከነከሰች ግን የምትጠፋው እሷ ናት።

ሦስተኛው ሽንት ነው። ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ግዛቱን ለማስታወቅ ዕቃ ላይ ይረጫል። የድመት ሽንት ብረት ይበላል፤ ወደ መሣሪያው ውስጥ ከገባ ቀጫጭኑን የኤሌክትሪክ መስመር ያበላሻል።

እኛ ምን ማድረግ እንችላለን?

አንደኛ፣ እንዲህ ያለ ክፍል ባለበት ቤት ሥራ ስትጀምሩ ባለቤቱን ሦስት ነገር ጠይቁ። የትኛውን ልንካ? የትኛውን አልንካ? ድመቷ እዚህ ክፍል ትገባለች ወይስ አትገባም? ቋንቋው ካልሞላላችሁ በጣት እያሳያችሁ ጠይቁ። መጠየቅ አላዋቂ አያሰኝም። እኔ ያን ጠዋት ባለመጠየቄ ነው የተንቀጠቀጥኩት።

ሁለተኛ፣ መዞሪያ ያለበት መሣሪያ መጽዳት ካለበት ባለቤቱ በስልኩ ፎቶ እንዲያነሳው አስቀድማችሁ ንገሩት። የእኛ ቤት ልጅ ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ፎቶ አንስቶ ይወጣ ነበር። እናንተ ራሳችሁ ግን ያለ ፈቃድ አታንሱ፤ የሰውን ቤት ፎቶ ማንሳት ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ሦስተኛ፣ በደረቁ አጽዱ። ያልተነካ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ከሁሉ ይሻላል። ቁልፎቹን በእርጋታ ከውስጥ ወደ ራሳችሁ እየጠረጋችሁ ፀጉሩን አውጡ፤ ወደ ቀዳዳው አትግፉት። የሚረጭ ፈሳሽ በቀጥታ መሣሪያው ላይ አትንፉ። ክሎሮክስና ኃይለኛ ፈሳሽ ለፕላስቲኩም ለጽሕፈቱም ጠላት ነው። በጣም ከቆሸሸና ባለቤቱ ከፈቀደ መሣሪያው ጠፍቶ፣ ከሶኬት ተነቅሎ፣ በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አድርቁት።

አራተኛ፣ መሣሪያው ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ በንጹሕ አንሶላ ሸፍኑት። ሳይጠፋ ግን አትሸፍኑት፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ይጎዳዋል።

አምስተኛ፣ ለድመቷ የተሻለ ቦታ ስጧት። ማባረር ብቻውን አይሠራም፤ ዞራ ትመጣለች። እኛ ያደረግነው አሮጌ ብርድ ልብስ አጥፈን ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ፣ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ማንጠፍ ነው። ልጁ የለበሰውን ያልታጠበ ሹራብም ጨመርንበት። በሳምንት ውስጥ ሚሽሚሽ መኝታዋን ቀየረች። በየቀኑ ፀጉሯን ማበጠርም የክፍሉን ጽዳት ግማሽ ያቀላል።

ስድስተኛ፣ ሽንት ካገኛችሁ መሣሪያውን ከግድግዳው አጥፍታችሁ ንቀሉት፤ በደረቅ ጨርቅ ምጠጡት፤ ይሠራ እንደሆነ ብላችሁ አታብሩት፤ ወዲያው ለባለቤቱ ንገሩ። ወለሉ ላይ ከሆነም ክሎሮክስ አታፍስሱበት። ክሎሮክስና ሽንት ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፤ የእናንተን ሳንባ ማለት ነው።

ሰባተኛ፣ ድመቷ ገመድ ነክሳ ኤሌክትሪክ ከያዛት በእጃችሁ አትንኳት። መጀመሪያ ከግድግዳው ወይም ከቤቱ ዋና ማጥፊያ ኤሌክትሪኩን አጥፉ። ተነሥታ ብትሄድ እንኳ ደህና ናት ብላችሁ ዝም አትበሉ። አፏ ውስጥ ቃጠሎ ሊኖር ይችላል፤ ሳንባዋም ከሰዓታት በኋላ ውኃ ሊቋጥር ይችላል። ወደ እንስሳት ሐኪም እንድትወሰድ ንገሩ።

ድመት ሙዚቃ ትወዳለች?

ድመትና የሙዚቃ ቁልፍ ትውውቃቸው የቆየ ነው። ጣሊያናዊው ዶሜኒኮ ስካርላቲ በ1738 ካሳተማቸው ሥራዎች አንዱ «የድመት ፉጋ» እየተባለ ይጠራል። ድመቱ በቁልፎቹ ላይ ሲራመድ የወጣውን ድምፅ ይዞ ደረሰው እየተባለ ይተረካል። ስሙን ያወጡለት ግን ሌሎች ናቸው፤ ታሪኩም አፈ ታሪክ ነው። በ1984 ደግሞ ቻርሊ ሽሚት የተባለ አሜሪካዊ ፋትሶ የምትባል ድመቱን ሸሚዝ አልብሶ ኪቦርድ ስትጫወት በቪዲዮ ቀረጻት። በ2007 በኢንተርኔት ሲያወጣው ዓለም ሳቀበት። እግሮቿን ከታች ሆኖ የሚያንቀሳቅሰው ግን እሱ ራሱ ነበር። ፋትሶ ይህን ዝናዋን ሳታይ በ1987 ሞታ ነበር።

እውነተኛው ነገር ይህ ነው። የድመት ጆሮ ከእኛ እጅግ ይበልጣል። ሰው በሰከንድ እስከ 20,000 የሚደርስ ንዝረትን ይሰማል፤ ድመት ግን ከ60,000 በላይ ትሰማለች። ለእኛ ጸጥ ያለ ክፍል ለእሷ ጫጫታ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሙዚቃው ሲከፈት በሩን ዘግታችሁ ድመቷን ውስጥ አታስቀሯት፤ ካልተስማማት የምትወጣበት ይኑራት። በ2015 የታተመ አንድ ጥናት በ47 ድመቶች ላይ ሁለት ዓይነት ሙዚቃ ሞክሮ ነበር። አንዱ ለሰው የተደረሰ ነው። ሌላው ደስ ሲላት በጉሮሮዋ የምታሰማውን ድምፅና ግልገል ጡት ሲጠባ ያለውን ምት መሠረት አድርጎ፣ በቀጭን ድምፅ ለድመት የተደረሰ ነው። ድመቶቹ ይበልጥ ወደ ድምፅ ማጉያው የቀረቡትና ራሳቸውን ያሻሹበት ለእነሱ የተደረሰው ሲሰማ ነው። ለካስ ድመትም በራሷ ቋንቋ ሲያናግሯት ትመጣለች።

የአገሬ ሰው ድምፅ

በ2013 መጨረሻ ላይ ልብስ እየተኮስኩ ሳለ ልጁ ከክፍሉ ጠራኝ። «ነይ፣ ይህን ስሚ፤ የአገርሽ ሰው ነው» አለኝ። ስገባ አኮርዲዮን ይጫወታል። ከሥሩ ኤሌክትሪክ ፒያኖና ሲንተሳይዘር ቀስ ብለው ይከተሉታል። ዜማው የእኛው ነው። እግሬ ከወለሉ ጋር ተጣበቀ።

የኃይሉ መርጊያ ሥራ ነበር። ኃይሉ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት በነበረው በዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ሲጓዝ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 ብቻውን ሆኖ የልጅነቱን የአኮርዲዮን ድምፅ ከአዲሶቹ መሣሪያዎች ጋር አዋሕዶ አንድ ካሴት ቀረጸ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ግን አልተወም፤ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ያስቀምጠውና ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ2013 ያ ካሴት እንደገና ታተመና በየአገሩ ተሰማ። በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበሙን አወጣ።

ያን ቀን ልጁ የነገረኝን አልረሳውም። «ለዚህ ነው የነካሽብኝ ጊዜ የጮኽኩት። አንድ ድምፅ ፈልጎ ማግኘት ብዙ ቀን ይፈጃል» አለኝ። እኔም «እኔስ ንጹሕ ክፍል ለማቆየት በየቀኑ ምን ያህል እንደምደክም ታውቃለህ?» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ወዲያ እሱም ጫማውን አውልቆ ይገባ ጀመር።

ያ ክፍል መጀመሪያ ያለቀስኩበት ክፍል ነው። የአገሬን ዜማ ከሰው አገር ማሽን የሰማሁትም እዚያው ነው። ሚሽሚሽ በዚያ ሰዓት መስኮቱ አጠገብ ከብርድ ልብሷ ላይ ተኝታ ነበር። መዞሪያዎቹም አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ እንደ ዞሩ፣ ባለቤታቸው እንደ ተዋቸው ነበሩ።

እኅቶቼ፣ እናንተስ በምትሠሩበት ቤት ሳታውቁ ነክታችሁ የተወቀሳችሁበት ዕቃ አለ? እንዴትስ ተወጣችሁት? ጻፉልን፤ የአንዷ ልምድ ለሌላዋ ትምህርት ይሆናል።